ቁጥር ሦስት ይላክ

አዋሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ልጄ ታቢታ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሳላዞር እጽፈዋለሁ። ወንድምሽ ሙሴ ሞቷል።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ ተቀምጫለሁ። እጄ ድሮም ቀርፋፋ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ እጅ ነው። ዛሬ ያንቀረፈፈው ግን የትምህርት ማነስ አይደለም።

የሞተው መጋቢት ላይ ነው፣ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ። ቦታውን አልነገሩኝም። ከመንግሥት የመጣ ወረቀትም የለም። አብሮት የዘመተ አንድ የይርጋለም ልጅ እግሩን ቆስሎ ሲመለስ መጀመሪያ የነገረው ለጠሀ ነው፤ መናኸሪያ አጠገብ ሙዚቃ ቤት ላለው፣ ሙሴ ካሴት ሲቀዳበት ይውል ለነበረው። ጠሀ ነገሩን ሰባት ቀን ይዞት ዞረ። በነዚያ ሰባት ቀናት ሁለት ጊዜ ሱቄ መጥቶ ክር ገዝቷል። ጠሀ ክር ምን ያደርግለታል? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። አጎትሽ ደምሴ ከፊት፣ አክስትሽ ደብሪቱ ከኋላው፣ ከዚያ የጸሎት ወገኖቻችን ተከትለው ገቡ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለደግ አይመጣም። ደምሴ አፉን ሳይከፍት አወቅሁ።

ለአንቺ ልጽፍ ስነሣ ደምሴ ከለከለኝ። «መርዶ በወረቀት አይነገርም» አለኝ። «እዚያ ማን አላት? ደብዳቤ ነው ብላ በደስታ ስትከፍተው ማን አጠገቧ ይሆናል? ፈተናዋን ትጨርስ። ጥር ሲያልቅ ትመጣለች፤ ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን።»

እሺ አልኩት። እሺ ብዬ ሳበቃ ይህን ጻፍኩ። ለራሴ አንብቤ አስቀምጠዋለሁ።

ደግሞ ዛሬ ከፖስታ ቤት ወረቀት መጥቶልኛል። አዲስ ካሴት ልከሽለታል። ምን ላድርገው፣ ታቢታ?

እናትሽ ገበያነሽ


አዋሳ፣ ግንቦት 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለታቢታ፣
ቡዳፔስት

ባለሽበት አገር ሰላምና ጤና አይለዩሽ። እኔ ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ዓይኔን አሞኝ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ውሃ ውሃ ይለው ነበር። አሁን ቀለል ብሎኛል። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ከታቦር ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በራችን ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሱቁ እንዳለ ነው።

ካሴቱ ደርሷል። እንዴት እንደ ደረሰ ልንገርሽ፣ እንድትስቂ። ፖስታ ቤት ስሄድ አቶ ካሳሁን እሽጉን ከፊቱ አድርጎ ጠበቀኝ።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ካሴት ነዋ።»

«ካሴት መሆኑን አየሁ። ውስጡ ምን አለ?»

«ዘፈን።»

«ከውጭ የመጣ ዘፈን ሳልሰማ አላስወጣም» ብሎ ቴፕ አመጣና ከፈተው። ቤቱ ተናወጠ። ቴምብር ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ ዞረ። አቶ ካሳሁን ለመቀነስ ሲቸኩል ጭራሽ አስጮኸው።

«ምን ሆኖ ነው ሰውዬው?»

«እኔ ምን አውቄ። ልጆቹ ሃርድ ሮክ ይሉታል።»

«ፀረ አብዮት ነገር የለበትም?»

«አንተስ ምን የሚል መሰለህ?»

ጆሮውን ጣል አድርጎ ትንሽ ሰማ። «እኔማ ጥርሱን የሚያመው ነው የመሰለኝ» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ስለ ሙሴ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ያሉበትን ቦታ ስለ ለወጡባቸው እንደ ልቡ መጻፍ አልቻለም። ካሴቱን ግን እንደ ልማዳችን በሚሄድ ሰው ልኬለት ቁጥሩ ተመልሶልኛል። ዘዴያችሁ አሁን በደንብ ገብቶኛል። አዲስ ከወጣው አልበም ሁሉ ሁለት ሁለት ዘፈን ቀድተሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ፣ ለቅምሻ ትልኪያለሽ፤ እሱ የወደደውን ቁጥር ይጽፋል፤ አንቺ የዚያን አልበም ሙሉውን ትልኪለታለሽ። ገበያ ላይ ቅቤ ቀምሶ እንደ መግዛት ነው። ከስድስቱ ቁጥር አራት ይላክልኝ ብሏል። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ቸኩሎ ነው።

ፎቶግራፍ ላኪልኝ ላልሽው፣ ትንሽ ቆይቼ እነሣለሁ። አሁን ፀጉሬ አይመችም።

አንቺ ለፈተናሽ ብቻ አስቢ። አጎትሽ ደምሴ በርቺ ብሎሻል። ደጋግሞ ነው ያለው።

እናትሽ ገበያነሽ


ቡዳፔስት፣ ሰኔ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

እማዬ፣

ናፍቀሽኛል። ዓይንሽን ሐኪም አይቶታል? ልጅሽ ጥር ላይ መድኃኒት ቀማሚ ልትባል ነው፣ አንቺ ዓይንሽን አሞሽ ለወር ያህል ዝም ትያለሽ። በሚቀጥለው ደብዳቤ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

አቶ ካሳሁንን ስሚልኝ። የጥርስ ሕመሙን ተርጉሜ ለኢሎና ስነግራት ወለል ላይ ተኝታ ሳቀች። ኢሎና አብራኝ የምታድረው ልጅ ናት፤ ሸክላዎቹን የምንዋሰው ከወንድሟ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለሙሴ ላኪለት። አንቺ አታንብቢው፤ ስድብ አለበት።

አንተ ሙሴ!

ቁጥር አራት? እውነትህን ነው? ቁጥር አራት ላይ ፒያኖ አለ። «ፒያኖ የገባበት ሮክ ስኳር የተነሰነሰበት ዓሣ ነው» ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ደብዳቤውን ሳነብ ተሳስተህ ነው ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብዬ ሙሉውን ቀዳሁልህ። ስሰማው እንቅልፍ ወስዶኛል። እዚያ የምትተኛበት ሙዚቃ ከፈለግህ እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።

አሁን የላክሁልህ አዲስ ቅምሻ ነው፤ አምስት አልበም፣ ሁሉም ከፋሲካ ወዲህ የወጡ። እሑድ እሑድ ከከተማው ዳር ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከኢሎና ወንድም ጋር እሄዳለሁ። አዲስ የወጣውን ሻጩ ከጠረጴዛው ሥር ነው የሚያወጣው። ሙሉውን አያሰማም፤ መርፌውን በሦስት ቦታ ጣል ጣል አድርጎ ያነሣዋል። እኔ ደግሞ እዚያ ግርግር መሐል ቆሜ በአንተ ጆሮ ነው የምሰማው። ይሄን ይሰድበዋል፣ ይሄን ለጠሀ ሮጦ ይወስደዋል እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልሳሳትም ነበር።

ስለ ቁጥር ሦስት ምንም አልነግርህም። ስማውና ንገረኝ።

ደግሞ ቁጥሩን በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። አስቀያሚ ጽሕፈትህ ናፈቀኝ።

ታቢታ


አዋሳ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ታቢታ፣

ለሙሴ የጻፍሽውን አነበብኩት። አታንብቢው ብለሽ ነበር። ታዲያ ማን ያንብበው?

ስለ ዓሣው ስደርስ ሳቅሁ። ከመጋቢት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄን ስሰማ ደንግጬ አፌን ያዝኩ።

ቁጥር አራትን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ራሴን ያላመመኝ እሱ ብቻ ነበር። በጣዕሙ ልጄን ታውቂዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። አሁን ፈራሁ። ሁለተኛውን ካሴት ይዤ ጠሀ ዘንድ ሄድኩ።

«ጠሀ፣ የሙሴን ጆሮ አንተ ታውቀዋለህ። ስማና ቁጥር ስጠኝ» አልኩት።

ካሴቱን በእጁ ገለባበጠው። «እማማ ገበያነሽ፣ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። በሞተ ጓደኛዬ ጆሮ መስማት አልችልም።»

«እኔስ እችላለሁ?»

«እርስዎ እናቱ ነዎት።»

«እናቱ መሆኔ ስለ ጊታር ምን ያሳውቀኛል?»

ደንበኛ መጣ፣ ሸኘው። ከዚያ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሙሴ እንዴት ይሰማ እንደ ነበር ነገረኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ከጓዳ ሆኜ «ቀንሰው!» ስለው፣ ልጁ ለካ ሥራ ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ዘፋኙን አይሰማውም» አለኝ ጠሀ። «‹ዘፋኙ እንግዳ ነው፣ የቤቱ ባለቤቶች ድራሙና ጊታሩ ናቸው› ይላል። አንድ ጊዜ ድራሙን ብቻ ይሰማል። ካሴቱን ይመልስና ጊታሩን ብቻ ይሰማል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚሰማው በሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ካልሰለቸው፣ ይላክ ይላል።»

እንዲሁ አደረግሁ። ከሱቅ ስመለስ፣ ገና ጀንበር ሳለ፣ የሙሴን ቴፕ አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ። ድራሙን ብቻ መስማት እንዴት ይከብዳል! ገበያ መሐል ቆሞ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እንደ መለየት ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ለየሁት።

በዚያው ቀን ደብሪቱ ከቱላ መጥታ ደረሰችብኝ። በሩን እንደ ከፈተች ቀረች።

«ገበያነሽ! ይሄ የለቅሶ ቤት ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል።»

«እኔ ነኝ ቀስ የምለው? እህተማርያም አጥሩ ላይ ቆማ ‹ጎረቤቴ ልጇ ሞቶ ቡና ቤት ከፈተች እንዴ?› ስትል ሰምቼ ነው የገባሁት! ዓመት ሳይሞላው፣ ጥቁር ለብሰሽ፣ ዘፈን?»

«ለታቢታ ነው» አልኳት። ሁሉን ነገርኳት። ነጠላዋን አወረደችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስንተኛው ላይ ደረስሽ?»

«ሁለተኛው ላይ።»

«ምን እያለ ነው ይሄ የሚጮኸው?»

«እሱን አትስሚው፣ እንግዳ ነው» አልኳት። እንዳበድኩ አየችኝ። ግን እስከ መጨረሻው አብራኝ ሰማች። ስትወጣ ደግሞ በአጥሩ በኩል ለእህተማርያም «ዘፈን አይደለም፤ የልጁ ዕቃ እየታየ ነው» ስትል ሰማኋት።

አሁን ስለ ቁጥር ሦስት ልንገርሽ። ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ሲጀምር ድራሙ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጥል ዝናብ፣ ሳይቸኩል። ጊታሩ ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ አይመጣም። ተስፋ ስትቆርጪ ይገባል። ከዚያ ሰውዬው ይጮኻል። እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም፤ ገበያ ውስጥ ልጅ እንደ ጠፋበት ሰው ነው። እኛ ዘንድ ደረት መድቃት፣ ፊት መንጨት እንደማይፈቀድ ታውቂያለሽ። እኔ ሙሴን በመዝሙር ነው ያለቀስኩት። ጸሎት ቤታችን ስለ ታሸገ መዝሙሩም በሹክሹክታ ነበር። ይህ የማላውቀው ፈረንጅ ጮኸልኝ። ሦስቴ ሰማሁት፣ አልሰለቸኝም። ዐሥር ጊዜም ሰማሁት።

ሙሴ ቢሆን እሱን ይመርጥ ነበር? አላውቅም። የጠፋብኝ ይሄ ነው። እሱን ሆኜ ለመስማት ተቀምጬ፣ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ገበያነሽ


አዋሳ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለታቢታ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ዓይኔን ሐኪም አይቶታል። «ብዙ አትጻፊ፣ ብዙ አታልቅሺ» ብሎኛል፤ ሐኪሞች ለሁሉም ሴት እንዲህ ነው የሚሉት። ጠብታ ሰጥቶኛል።

ፎቶግራፍ ይኸው ልኬልሻለሁ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰሉት እኮ» ሲለኝ ነው ያነሣኝ። ስለዚህ እንደዚያ መሆኔን አትይብኝ።

ሙሴ ስለ ዓሣው ስቋል። የላክሽለት ካሴት ደርሶት መልሱን ልኳል። በገዛ እጁ ይጻፍልኝ ያልሽው ሊሆን አልቻለም፤ በሰው አፍ ነው የላከብኝ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያለው እንዲህ ነው።

ቁጥር አንድ ይቅር። ድራሙ ይቸኩላል፤ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ የሚሮጥ ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጥፎ አይደለም፣ ግን ጊታረኛው የሚጫወተው ሰው እንዲያየው ነው። አምስተኛው ውስጥ ፒያኖ ስላለ የሚለውን ታውቂዋለሽ። አራተኛውን ሁለት ጊዜ ሰምቶ በሦስተኛው ሰለቸው።

ቁጥር ሦስት ይላክ። ሙሉው ይላክ። ጊታሩ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ሲገባ ግን ቤቱ የእሱ እንደ ነበረ ያስታውቃል። ምንም እንዳትቆርጪበት ብሏል። መጨረሻ ላይ ድምፁ እየራቀ የሚሄደውንም ሳትቆርጪ።

ደምሴና ደብሪቱ ሰላም ብለውሻል። አጥኚ ልጄ። አጥኚ።

እናትሽ ገበያነሽ


ቡዳፔስት፣ ጥቅምት 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ዘግይቼ ነው፣ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ፎቶሽን መጽሐፌ ላይ አስደግፌዋለሁ። የለበስሽው የአክስቴ የደብሪቱ ቀሚስ ነው፣ አይደል? ትከሻው ሰፍቶሻል። የራስሽ ቀሚሶች የት ሄደው ነው?

ቁጥር ሦስትን ሙሉውን ቀድቻለሁ። እስካሁን ግን አልላክሁትም። ሙሴ በሕይወቱ «ይላክ»፣ «ይቅር» እና «ቆሻሻ» ከማለት በቀር ጽፎልኝ አያውቅም። ስለ ድራም ያን ያህል ቃል ቢኖረው ኖሮ አማርኛ ፈተና አይወድቅም ነበር። ያን ገጽ ለኢሎና ተረጎምኩላት። «ወንድምሽ ድሮ ይፈርድ ነበር እንጂ የሰማውን አይናገርም ነበር፤ ይሄኛው ግን የሰማውን ይናገራል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ እከፍታለሁ፣ አንድ ገጽ ሳላዞር ይመሻል።

ኅዳር 18 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋሳ ቴሌ እደውላለሁ። ጥሪውን አስይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።

ታቢታ


አዋሳ፣ ኅዳር 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

ልጄ ታቢታ፣

ይህኛውን እልከዋለሁ።

ትናንት ቴሌ የሄድነው አራት ሆነን ነበር፤ እኔ፣ ደምሴ፣ ደብሪቱና ጠሀ። ደምሴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጠናኝ ነበር የሰነበተው። «ሙሴ የት ነው ካለችሽ፣ ለሥልጠና ሩቅ ሄዷል በይ። ለምን አይጽፍም ካለችሽ፣ አይፈቀድላቸውም በይ። ድምፅሽን እንዳታሳንሺ።» ደብሪቱ ደግሞ «ስለ ብርዱ ጠይቂያት፣ ብርድ ብዙ ያስወራል» አለችኝ። ስሜ ተጠርቶ ወደ ስልኩ ሳጥን ስገባ በሩን የያዘልኝ ጠሀ ነው።

«እማዬ፣ ይሰማሻል?» አልሽ። ድምፅሽ ወፍሯል።

«ይሰማኛል ልጄ። ብርዱ እንዴት ነው?»

«እማዬ፣ ቁጥር ሦስትን የመረጠው ማን ነው?»

የጠበቅሁት ሌላ ነበር። የት ነው ብትይኝ አውቀው ነበር፤ ለምን አይጽፍም ብትይኝም አውቀው ነበር። ለዚህ ያዘጋጁልኝ መልስ አልነበረም። ሙሴ ነው ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነው። ስምንት ወር ስዋሽሽ ከርሜ አንድ ቃል አቃተኝ። ቁጥር ሦስትን ግን ሌላ ሰው ሰማው ማለት አልሆነልኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩሽ።

ከዚያ ሽቦው ብቻ ነው ይጮኽ የነበረው። ኦፕሬተሯ ገብታ «ጨርሳችኋል?» አለች።

ልጄ፣ አሁን በቃሉ ልንገርሽ፣ ግማሽ ሆኖ እንዳይቀር። ወንድምሽ ሙሴ መጋቢት ወር 1980 ላይ ሰሜን ጦር ግንባር ሞቷል። የት እንደ ተቀበረ አላውቅም። መቀበሩንም አላውቅም። አብሮት የነበረው ልጅ ቶሎ ነው የሞተው ብሎኛል። እውነቱን ይሁን ለእኔ ብሎ ይሁን አላውቅም። ጠይቄዋለሁ፤ ዓይኑን አላሳየኝም።

የሸሸግሁሽ ንቄሽ አይደለም። ብቻሽን እንዳትሰሚው ነበር። ለዚያ ስል ፎቶ ተነሣሁ፣ ለዚያ ስል የሰው ቀሚስ ለበስኩ፣ ለዚያ ስል በለቅሶ ቤት ዘፈን ከፈትኩ። በመጨረሻ ከሁሉም የባሰውን አደረግሁ፤ በባዕድ አገር፣ በሽቦ፣ መርዶውን እንኳ በወጉ ሳልናገር ነገርኩሽ። ፈተናሽ ሁለት ወር ቀርቶታል። መጥቼ አጠገብሽ እንዳልቀመጥ ከአገር መውጫ ወረቀት የሚሰጠኝ የለም። ነይ እንዳልልሽ ስምንት ወር የጠበቅነው ለዚሁ ፈተና ነበር። ፍረጂኝ አልልሽም፣ ማሪኝም አልልሽም። ሁለቱም ምን እንደሚጠቅሙሽ አላውቅም።

ከቴሌ በእግራችን ተመለስን። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ደምሴ ቆመ።

«መርዶ ያለ ሰው አይሆንም» አለ። «እሷ ባትኖርም ሰው ይኑር። እዚያ ስንት ሰዓት ነው የሚነጋው?»

ጠሀ በጣቱ ቆጠረ። «እዚህ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ይነጋል» አለ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም መጡ። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሥራ ገብቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ሳለ መርዶ ነጋሪ ሲመጣ አይተሽ አታውቂም። እኔም አላውቅም። እህተማርያም ከአጥሩ ወዲያ ሰዉን አይታ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብላ እየሮጠች ወጣች።

«ያው ነው» አለቻት ደብሪቱ። «ዛሬ ለታቢታ ነው።»

እህተማርያም ነገሩ እንዴት እንደ ገባት እንጃ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራ ገባች።

ቆምን። ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንን እያየ እንደሚናገር ጨነቀው። ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን እያየ «ታቢታ ልጄ፣ ወንድምሽ ሙሴ ዐርፏል» አለ። የሚመልስለት ስለሌለ ደግሞ አንድ ጊዜ ተናገረው። ጠሀ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ዛሬ ማንም ቀስ በይ አላለኝም።

በዚያች ሰዓት ምን ታደርጊ እንደ ነበር አላውቅም። ተኝተሽ ይሆናል፤ ጭራሽ አልተኛሽ ይሆናል፤ በዚያ ብርድ ተነሥተሽ ትምህርት ቤት ሄደሽ ይሆናል። ብቻሽን አልነበርሽም ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ብቻሽን ነበርሽ። ግን ልጄ፣ እዚያ ሲነጋልሽ እኛ እዚህ ቆመን ነበር።

እናትሽ ገበያነሽ